መደርደሪያውን የከፈቱት የሒሳብ መምህር፦ የራንጋናታን ሕይወት

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ሕሊና የሚመጣው ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። ሥራው መጽሐፍ እንዳይጠፋ፣ እንዳይቀደድ፣ እንዳይቆሽሽ መጠበቅ ይመስለናል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ተደርጎ አንድም ሳይጎድል ከተገኘ ጎበዝ ይባላል። ይህን አስተሳሰብ ገልብጠው የቤተ መጻሕፍት ዋጋ የሚለካው በተነበበው መጽሐፍ ብዛት መሆኑን ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ሕንዳዊው ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን ናቸው። በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ ተማሪዎቻችን የእኚህን ሰው ታሪክ ባወጋችሁ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራንጋናታን በ1892 በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ታሚል ናዱ በሚባለው ግዛት፣ ሺያሊ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ። ሲናገሩ የመንተባተብ ችግር ነበረባቸው፤ ይህ ግን መምህር ከመሆን አላገዳቸውም። በማድራስ ክርስቲያን ኮሌጅ ሒሳብ ተምረው በ1913 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1916 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። የኮሌጁ የሒሳብ መምህር ኤድዋርድ ሮስ እጅግ ይወዷቸው ነበር፤ ወዳጅነታቸውም ተማሪነቱ ካበቃ በኋላ ዘለቀ። ከ1917 ጀምሮ በማንጋሎር፣ በኮይምባቶርና በማድራስ ከተማ በሚገኙ የመንግሥት ኮሌጆች ሒሳብ አስተማሩ። የወላጆቻችሁንና የአያቶቻችሁን ትውልድ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መካከል ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ስለነበሩ፣ ራንጋናታን ከየትኛው የመምህራን ወገን እንደወጡ ለመገመት አይከብዳችሁም።

ያን ጊዜ የመምህር ደመወዝ አነስተኛ ነበር። በ1857 የተመሠረተው የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ ሲያወጣ ራንጋናታን በጓደኛ ጉትጎታ አመለከቱ። ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎች ተመዝግበው ነበር፤ ነገር ግን በሙያው የሠለጠነ አንድም አልነበረም። ራንጋናታንም ማመልከቻቸውን ረስተውት ሳለ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ስለ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የነበራቸው ዕውቀት ከቃለ መጠይቁ ጥቂት ቀናት በፊት ከአንድ ኢንሳይክሎፒዲያ ያነበቡት ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሆኖም በሒሳብ ጥናታዊ ጽሑፎች አሳትመው ስለነበር ተመረጡ፤ በጥር 1924 ሥራውን ጀመሩ።

ሥራው ግን አልጣማቸውም። ከተማሪዎች ጫጫታ መካከል ወጥተው አንባቢ በሌለበት ጸጥታ ውስጥ መቀመጥ እስር ቤት ሆነባቸው። ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሄደው ወደ ማስተማሩ እንዲመልሷቸው ለመኑ። አስተዳደሩም አንድ ስምምነት አቀረበላቸው። ለንደን ሄደው የቤተ መጻሕፍትን ሙያ ይማሩ፤ ሲመለሱ አሁንም ካልወደዱት የመምህርነቱ ቦታ ይጠብቃቸዋል። ተስማምተው ሄዱ።

በለንደን የትምህርት ቆይታቸው የክሮይደን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት በርዊክ ሴየርስ አስተማሯቸው። ራንጋናታን በክፍል ትምህርት ብቻ አልተወሰኑም፤ በብሪታንያ በርካታ ቤተ መጻሕፍትን እየዞሩ ጎበኙ። በዚያ ያዩት ነገር ልባቸውን ለወጠው። ሠራተኛው ከፋብሪካ ሲወጣ፣ እናት ልጇን ይዛ፣ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ፤ መጽሐፍ ይዘው ይወጣሉ። በማድራስ አሰልቺ ሆኖ የታያቸው ሥራ ሰውን ከዕውቀት ጋር የማገናኘት ሥራ መሆኑን የተረዱት እዚያ ነው። በ1925 ሲመለሱ የሒሳቡን ወንበር አልጠየቁም። በማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት 20 ዓመት ያህል አገለገሉ።

በዚያ ዘመን በብዙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ መደርደሪያው ጋ አይደርስም ነበር። የፈለገውን መጽሐፍ ስም በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ፈልጎ እስኪያመጣለት ይጠብቃል። የመጽሐፉን ስም የማያውቅ ተማሪ ምን ብሎ ይጻፍ? ራንጋናታን መደርደሪያዎቹን ለአንባቢ ከፈቱ። ተማሪው በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተዘዋወረ መጽሐፉን እንዲያነሣ፣ እንዲገልጥ፣ ካልሆነው እንዲመልስ ፈቀዱ። የአገልግሎት ሰዓቱ ከተማሪውና ከመምህሩ ነፃ ሰዓት ጋር እንዲስማማ ታገሉ፤ ክፍል ውስጥ ላለ ተማሪ በክፍል ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቤተ መጻሕፍት ምን ይረባዋል? ከዚህም አልፈው ሥራቸው አንባቢን መርዳት ብቻ የሆነ ባለሙያዎችን መደቡ። እነዚህ ሰዎች ግራ የተጋባውን አዲስ ተማሪ ቀርበው ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁታል፤ ጥናት የያዘውን መምህርም ምንጭ በማፈላለግ ያግዙታል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች የመረጃ ጠረጴዛ የምንለው አገልግሎት መንፈሱ ይኸው ነው።

በ1928 አንድ ምሽት የቀድሞ መምህራቸው ሮስ ቢሯቸው ብቅ አሉ። ራንጋናታን የሙያውን ዝርዝር አሠራሮች ሁሉ ወደ ጥቂት መሠረታዊ ሕጎች ማሳጠር አቅቷቸው ሲብሰለሰሉ ነበር፤ የሒሳብ ሰው ናቸውና ሁሉም ነገር ከጥቂት መነሻዎች መፍለቅ አለበት ብለው ያምናሉ። የመጀመሪያውን ሕግ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ያቀበሏቸው ሮስ ነበሩ። ያ ከተገኘ በኋላ ሌሎቹ ተከታትለው መጡ። በ1931 የታተመው የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ አምስቱ ሕጎች የተሰኘው መጽሐፋቸው ዛሬም በመላው ዓለም የሙያው ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው።

የሕጎቹ ሐሳብ በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። አንደኛው፣ መጽሐፍ የሚሰበሰበው ሊጠቀሙበት ነው። ይህ ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጻሕፍት እንዳይሰረቁ ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ሁለተኛው፣ ሀብታምና ድኻ፣ ወንድና ሴት፣ ከተሜና ገጠሬ ሳይባል ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆነው መጽሐፍ ሊቀርብለት ይገባል። ሦስተኛው ከመጽሐፉ ወገን ያያል፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ መጽሐፍ የሚፈልገው አንባቢ የሆነ ቦታ ስላለ ሁለቱን ማገናኘት የባለሙያው ሥራ ነው። አራተኛው የአንባቢን ጊዜ አታባክን የሚል ነው። አምስተኛው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እንደ ልጅ ስለሚያድግ ሕንፃውም፣ መደርደሪያውም፣ ሠራተኛውም ከእርሱ ጋር እንዲያድጉ ታስቦ ይሠራ ይላል።

የአንባቢን ጊዜ ለመቆጠብ የሠሩት ትልቁ ሥራ በ1933 ያሳተሙት የመጻሕፍት አመዳደብ ዘዴ ነው። ሐሳቡ የመጣላቸው ለንደን ሳሉ ነው ይባላል። በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ሜካኖ የሚባለውን፣ ብረታ ብረቶችን በብሎን እያያያዙ ልዩ ልዩ ነገር የሚሠሩበትን የልጆች መጫወቻ አዩ። ከጥቂት ዓይነት ቁርጥራጮች ብዙ ነገር መሥራት እንደሚቻል ሲመለከቱ፣ የመጽሐፍ ርእሰ ጉዳይም ወደ ክፍሎቹ ተፈትቶ እንደገና ሊገጣጠም እንደሚችል ታያቸው። ቀደም ያሉት ዘዴዎች ለየርእሱ የተዘጋጀ ቁጥር ሲሰጡ፣ እርሳቸው ጉዳዩ ስለ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተደረገ፣ የትና መቼ እንደሆነ ለየብቻ ምልክት እየሰጡ ያገናኙት ነበር። ማገናኛቸውም እኛ በግእዝ ጽሕፈት ቃልን ከቃል የምንለይባት ሁለት ነጥብ ዓይነት ምልክት ነበረች፤ የዘዴው መጠሪያም ከእርሷ የመጣ ነው።

የራንጋናታን ዐይን ከዩኒቨርሲቲው ግቢም ውጭ ነበር። በ1931 በማናርጉዲ አካባቢ በበሬ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ወደ ገጠር መንደሮች መጓዝ ሲጀምሩ መርቀው የከፈቱት እርሳቸው ናቸው። በ1948 ማድራስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ እንድታወጣም ለዓመታት ደክመዋል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ከዩኒቨርሲቲው አዲስ የበላይ ኃላፊ ጋር ባለመስማማታቸው ማድራስን ለቀቁ። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ጡረታውን ያስባል። እርሳቸው ግን ወደ ባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ከ1945 እስከ 1947 ድረስ 100,000 ያህል መጻሕፍትን በራሳቸው እጅ መደቡ። ቀጥሎ በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1962 ደግሞ በባንጋሎር የሙያው ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አቋቋሙ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን 100,000 ሩፒ ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ገንዘቡ በባለቤታቸው በሳራዳ ስም የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የፕሮፌሰርነት ወንበር ማቋቋሚያ እንዲሆን ነው። በቅሬታ ለተለዩት ዩኒቨርሲቲ ይህን ማድረጋቸው የሰውዬውን ልብ ያሳያል። በመስከረም 1972 በ80 ዓመታቸው ባንጋሎር ውስጥ ዐረፉ። ሕንድ በየዓመቱ ኦገስት 12 ቀንን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ቀን አድርጋ የምታከብረው በእርሳቸው ልደት ምክንያት ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ጉዳዩ የቤታችንም ስለሆነ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ በወላጆች መዋጮ የተገዙና በሻንጣ ተጭነው ድንበር የተሻገሩ ናቸው። አንዱ ከጠፋ መተካቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በቁም ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጡ የሚሉ ወላጆች ሥጋታቸው እውነተኛ ነው። ራንጋናታንም መደርደሪያ ሲከፈት ጥቂት መጽሐፍ ሊጠፋ እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን የጠፋውን ጥቂት ከሚነበበው ብዙ ጋር አመዛዝነው መከፈቱን መረጡ። ያልተገላበጠ ያራል ይባላል፤ ገጹ ያልተገለበጠ መጽሐፍም አቧራ ጠጥቶ ይቀራል። በባዕድ አገር የሚያድግ ልጅ ደግሞ የቋንቋውን መጽሐፍ አሥር ዓመት በመስታወት ውስጥ እያየ ቢያድግ፣ በመጨረሻ ቁልፉ ሲሰጠው ማንበቡን ላይችል ይችላል። ያኔ የጠፋው መጽሐፉ ብቻ አይደለም።

ስለሆነም ከመጪው ዓመት ጀምሮ የንባብ ክፍላችን መደርደሪያዎች በዕረፍት ሰዓትና ከትምህርት በኋላ ክፍት ይሆናሉ። በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች የምናቀርበው ሪፖርትም ስንት መጽሐፍ እንዳለን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ያሳያል። ተመራቂዎቻችን ሆይ፣ እናንተም በምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱን ፈልጉ፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተመላለሱ፤ ግራ ሲገባችሁ በጠረጴዛው የተቀመጠውን ባለሙያ ሳታፍሩ ጠይቁ። እዚያ የተቀመጠው ለእናንተ ነው።