የፍራንክፈርቱ ሩፔልና የግቤው ቢልጫ

ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው አንድ ሰው ነው፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል። እኔ የጅማ ልጅ በመሆኔ የማነሣው ግን በዓሣ ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ውስጥ ከባለጸጋ የባንክ ሰው ተወለደ። ለንግድ ታስቦ ነበር፤ በ1817 ወደ ግብፅና ሲና ከተጓዘ በኋላ ግን ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። ጣሊያን ሄዶ ፓቪያ ተማረ። በ1820ዎቹ ከቀይ ባሕር ዓሣ እየሰበሰበ መልካቸውን በሥዕል አሳተመ። ያኔ ካሜራ የለም። ዓሣ ደግሞ ከውኃ ሲወጣ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ የዘመኑ የመረጃ ቋት ሥዕሉ፣ መግለጫውና በሙዚየም የሚቀመጠው ናሙና ነበሩ።

በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ በስሜን አቋርጦ በ1832 ጎንደር ገባ። ዘመነ መሳፍንት ነው። ጅማ ላይ ቀዳማዊ አባ ጅፋር መንግሥታቸውን የሚያጠናክሩበት ጊዜ ነበር፤ ሩፔል ግን ግቤን አልተሻገረም። የሰበሰባቸው እንስሳት ወደ ዘንከንበርግ ሙዚየም፣ የግዕዝ ብራናዎቹ ወደ ፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ይህ ያንገበግበኛል። ግን ጎንደር ቀርተው ቢሆን ከ1888ቱ የድርቡሽ ቃጠሎ ይተርፉ ነበር ወይ?

በ1835 ለጣና ዓሦች በርካታ ስሞች አወጣ። በ1973 አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ብዙዎቹን ስሞች በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች የጣናዎቹ ነጫጭ ዓሦች አንድ ሳይሆኑ 15 ያህል ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ሩፔል ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ነገሩን ቀድሞ አይቶት ነበር።

ነገሩ ወደኛም ይመጣል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ በ2004 ሥራ በጀመረው የግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ቢልጫ ይጠመዳል። ሳይንሳዊ ስሙ ላቤዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ ነው፤ ሩፔል ለጣና ዓሣ ያወጣው ስም። ጣና ወደ ዓባይ፣ ግቤ ወደ ኦሞ ይፈስሳሉ፤ ውኃቸው አይገናኝም። ታዲያ ዓሣው በእርግጥ አንድ ነው?

ዛሬ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት የተቀመጠ ተማሪ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ከ35 ሺህ በላይ የዓሣ ዝርያዎች የተመዘገቡበትን ፊሽቤዝን በስልኩ ይከፍታል። ሩፔል ዓመታት የፈጀበትን በደቂቃ ያያል። ነገር ግን ቢልጫ እንደ ውኃውና እንደ ምግቡ አፉም ከንፈሩም ይለዋወጣል፤ በፎቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ፎቶው የተነሣበት ወንዝ፣ ቀኑ፣ የዓሣው ርዝመት፣ ከተቻለም ናሙናው አብሮ መቀመጥ አለበት። ሥዕልና አካልን አንድ ላይ ማኖሩን ሩፔል ያውቅበት ነበር።

የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ በ1839 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። በታኅሣሥ 1884 በ90 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ አረፈ። የግቤው ቢልጫ ግን እስካሁን የሚመዘገበው እሱ ለጣና ባወጣው ስም ነው።