ቅጣው እጅጉ

ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ (1940–1998 ዓ.ም.) በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ የሠሩ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ነበሩ። የተወለዱት በከፋ፣ ቦንጋ ነው።

ትምህርትና ሥራ

በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የእርሻ መሣሪያዎች ቴክኖሎጂ ተምረው እንደጨረሱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቴክኒሻንነት ሁለት ዓመት ሠሩ። ከዚያም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ጃፓን በመሄድ ቋንቋውንና የአውቶሞቲቭ ምህንድስናን አጠኑ። ቀጥሎ አሜሪካ ገብተው ከፍተኛ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በናሳም በጠፈር መንኮራኩሮችና በሳተላይቶች ምህንድስና ላይ ሠሩ።

በኋላ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመዋል፤ በስደት በተቃዋሚ ፖለቲካም ተሳትፈዋል። በጥር 1998 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፉ።