ዊልሄልም ዋይንበርግና የሕመምተኛ ቤተሰቦች ቆጠራ

በዘር የሚተላለፍ በሽታ ከስንት ልጆች ስንቱን እንደሚይዝ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ሕመምተኛ ያለባቸውን ቤተሰቦች ፈልጎ መቁጠር ነው። ይህ አሠራር ትክክል ቢመስልም ከባድ ስሕተት እንደሚያስከትል አስልቶ ያሳየውና ማረሚያ ያበጀለት ጀርመናዊው ሐኪም ዊልሄልም ዋይንበርግ ነው።

ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1862 በሽቱትጋርት ከተማ ከአይሁዳዊ አባትና ከፕሮቴስታንት እናት ተወለደ። በቱቢንገን፣ በሙኒክና በበርሊን ሕክምና አጥንቶ በ1886 ዶክተር ከሆነ በኋላ፣ በ1889 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ለአርባ ዓመታት ያህል በሕክምናና በማዋለድ ሥራ አገልግሏል። ከ3,500 በላይ ወሊዶችን የረዳ ሲሆን፣ ጥናቱን ያካሄደው ይህ ሁሉ ሥራ በሚተርፍለት ጊዜ ነበር።

ካዋለዳቸው ሕፃናት መካከል መንትዮች ብዙ ነበሩና በ1901 አንድ ዘዴ አወጣ። ከሁለት ዕንቁላል የሚገኙ መንትዮች ግማሽ ያህሉ ወንድና ሴት ስለሚሆኑ፣ የእነዚህን ቁጥር በሁለት በማባዛት የሁለት ዕንቁላል መንትዮች ጠቅላላ ብዛት ይገመታል፤ ቀሪዎቹ የአንድ ዕንቁላል ናቸው። በ1908 ደግሞ ጋብቻ ያለ ምርጫ በሚፈጸምበት ሕዝብ ውስጥ፣ ሌላ ምክንያት ካልገባበት በስተቀር፣ የዘረ-መል ዓይነቶች ድርሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደማይለወጥ አስረዳ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ ያንኑ በማሳተሙ ሕጉ ለረጅም ጊዜ በሃርዲ ስም ብቻ ሲጠራ ቆይቶ፣ የዋይንበርግ ስም እንዲጨመርበት ከርት ስተርን ያሳሰበው በ1943 ነው።

ለቤተሰብ ጥናት ትልቁ አስተዋጽኦው ግን በ1912 የቀረበው ማረሚያ ነው። ሁለት ጤነኛ ወላጆች የአንድ ድብቅ በሽታ ዘረ-መል ተሸካሚዎች ቢሆኑ፣ በሜንዴል ሕግ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለት ሁለት ልጆች ያሏቸው እንዲህ ያሉ 16 ቤተሰቦች ቢወሰዱ፣ በአማካይ በ9ኙ አንድም ልጅ አይታመምም፤ በ6ቱ አንድ ልጅ፣ በአንዱ ሁለቱም ይታመማሉ። ሐኪሙ የሚያገኘው ግን ሕመምተኛ ያመጡለትን 7ቱን ብቻ ነው፤ 9ኙን ቤት ይቁጠራቸው። ስለዚህ ከ14 ልጆች 8ቱን ታመው ያገኛል፤ ከመቶ 25 መሆን የሚገባው ከመቶ 57 ይሆንበታል። ወላጆችም ሊፈሩ ከሚገባቸው ከእጥፍ በላይ ይፈራሉ።

ሕመምተኞቹ ሁሉ ተመዝግበው እንደሆነ ማረሚያው ቀላል ነው። ቤተሰቡ የታወቀበት ሕመምተኛ ራሱ ከቆጠራው ይወጣል፤ የሚቆጠሩት ወንድሞቹና እኅቶቹ ብቻ ናቸው። በአንድ ቤት ሁለት ሕመምተኞች ካሉ ቤቱ በየአንዳንዳቸው በኩል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በዚህ አኳኋን ከ6ቱ ቤተሰቦች 6 ጤነኞች፣ ከአንዱ ቤተሰብ 2 ሕመምተኞች ይቆጠራሉ፤ ከ8 ሁለቱ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ መሆኑ ነው።

ዋይንበርግ በዘመኑ «የዘር ንጽሕና» ይባል በነበረው እንቅስቃሴ ተካፋይ ስለነበረ የሥራው ታሪክ በዚህ አያበቃም። የአእምሮ ሐኪሙ ኤርንስት ሩዲን በ1916 በዚሁ ዘዴ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞችን ወንድሞችና እኅቶች ቆጥሮ፣ ያገኘው ውጤት ከአራት አንድ በብዙ ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ በ1933 የናዚ መንግሥት ባወጣው የማምከን ሕግ ስኪዞፍሬንያ ከውርስ በሽታዎች ተራ ተመደበ፤ የሕጉን ማብራሪያ ከጻፉት አንዱም ሩዲን ነበር። በሕጉ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች መኻን ተደርገዋል። የቆጠራ ትክክለኛነት ለቆጣሪው ዓላማ ዋስ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ዋይንበርግ በ1937 በቱቢንገን ዐረፈ። ዘዴው ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ በቤተሰብ ጥናት ሲሠራበት ኖሯል። ለጥገና የመጡትን ሞተሮች ብቻ ቆጥሮ ስለ ፋብሪካው ምርት ሁሉ የሚፈርድ ባለሙያም ያው ስሕተት ይጠብቀዋልና፣ እያንዳንዱ ናሙና በየትኛው በር እንደገባ አስቀድሞ መጠየቅ ለሐኪምም ለመሐንዲስም እኩል ተገቢ ነው።