ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እና ስትሮክ፦ ከታሪክ የሚገኝ የጤና ትምህርት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል አደረጉ።

ስማቸው ከጋምቤላ ከተማ አመሠራረት ጋርም የተያያዘ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲውል ፈቀዱ። በዚህ ውል መነሻነት በጋምቤላ በተቋቋመው ወደብ በኩል የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓጓዝ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጤናቸው መታወክ ጀምሮ ነበር። ስትሮክ ደጋግሞ ስላጠቃቸው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ከባድ ስትሮክ ሰውነታቸውን ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ዘጋ። አገሪቱም መሪዋ በሕይወት እያሉ ትእዛዝ መስጠት የማይችሉባቸውን አራት ዓመታት አሳለፈች። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ።

በዙሪያቸው የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ሕመሙ የመጣው የአንጎል ደም ቧንቧ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረም። የአንጎልን ውስጥ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ አገልግሎት የዋለው ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም. ነው።

ይህ ልዩነት ሕክምናውን ይወስናል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ቧንቧው ለተዘጋበት ሰው ሲጠቅም፣ ቧንቧው ለፈነዳበት ሰው ግን ለሕይወት አስጊ ነው። መዘጋቱም የትልቅ ቧንቧ፣ የትንሽ ቧንቧ ወይም ከልብ ተነሥቶ በመጣ የረጋ ደም የተከሰተ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ቧንቧ ሲዘጋ፣ አገልግሎቱ በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ይቻላል። መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ስለሆነም የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ወይም የንግግር መተሳሰር በድንገት ሲታይ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ ሕመምተኛውንም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ያድርሱ። ዋነኛ መንስኤ የሆነውን የደም ግፊት አስቀድሞ ለማወቅም በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ይለኩ።