አብርሃምና የግጦሹ መሬት

አንባቢ ሆይ፥ በጣራ ገዳም ግርጌ ወይም በደብረ ታቦር ዙሪያ የምታርስ ብትሆን፥ የመሬት ድንበር ወንድምን ከወንድሙ እንደሚያጣላ ታውቃለህ። እንግዲህ የአባታችንን የአብርሃምን ኑሮ አስብ።

አብርሃም እግዚአብሔር በጠራው ጊዜ፥ በ75 ዓመቱ፥ የሚሄድበትን ሳያውቅ ከካራን ወጣ። እርሱም እንደ እኛ ደካማ ነበረ፤ በግብፅ ፈርቶ ሚስቱን ሣራን እኅቱ እንደ ሆነች ብቻ ተናገረ። ወደ ከነዓን ሲመለስ ግን የእርሱና የወንድሙ ልጅ የሎጥ እረኞች ስለ ግጦሽ ተጣሉ። ምድሪቱ ለዘሩ ተስፋ የተሰጠች ስትሆን፥ እርሱም ታላቅ ሲሆን፥ ምርጫውን ለታናሹ ተወለት። ሎጥም ውኃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ ወሰደ። አብርሃም ግን አልጎደለበትም፤ የሚሰጠውን አምላክ አምኖአልና።

ልጅንም 25 ዓመት ጠብቆ በ100 ዓመቱ ይስሐቅን አገኘ፤ ያንኑ ልጅ እንዲሠዋ በታዘዘ ጊዜ ማልዶ ተነሣ። ሣራም ስትሞት፥ አገሩ ሁሉ ተስፋ የተሰጠው ሰው መቃብርዋን በ400 ሰቅል ብር፥ በሙሉ ዋጋ ገዛ።

ወዳጄ ሆይ፥ የሞሪያ ተራራ መታዘዝ በአንድ ቀን አልተገኘም፤ በግጦሹ ጠብ አስቀድሞ ተለማምዶት ነበር። አንተም የጎረቤትህን ድንበር አንዲት ትልም ከመግፋትህ በፊት ሞፈርህን አቁመህ፥ በማን እንደምትታመን ልብህን መርምር።