ዦሴፍ ማሪ ዣካር፦ ለመኪና በካርቶን ትእዛዝ የሰጠ ሸማኔ

ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስለ ማሕሼቭ፣ ማለትም ስለ ኮምፒዩተር፣ ሲያወሩ ሳትሰሙ አትቀሩም። ብዙ ወላጆች ይህን ትምህርት ከእኛ ሕይወት ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው አድርገው ይመለከቱታል። ነገር ግን ለመኪና ትእዛዝን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የመስጠት ዘዴ ሰፊ ሥራ ላይ የዋለው በሸማኔ ቤት ነው። ከመካከላችሁ በጎንደርና በአካባቢው ሸማ ስትሠሩ የኖራችሁ፣ ወይም አባታችሁ ሲሠራ እያያችሁ ያደጋችሁ አላችሁ። ስለዚህ የሚከተለውን የሕይወት ታሪክ ከማንም በበለጠ ትረዱታላችሁ ብለን እናምናለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዦሴፍ ማሪ ዣካር በ1752 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሊዮን በምትባለው ከተማ ተወለደ። ሊዮን በሐር ጨርቅ የታወቀች ከተማ ነበረች። አባቱም የራሱ የሽመና ዕቃ ያለው ባለሙያ ሸማኔ ነበር። ዣካር በልጅነቱ መደበኛ ትምህርት አላገኘም፤ ፊደል የቆጠረውና ከመጻሕፍት ጋር የተዋወቀው ዘግየት ብሎ፣ የእኅቱ ባል በሆነ አንድ የመጽሐፍ ነጋዴ እርዳታ ነው። እናቱ በ1762 ዓ.ም.፣ አባቱ ደግሞ በ1772 ዓ.ም. ሞቱ።

ከአባቱ ቤትና የሽመና ዕቃ ወረሰ። በ1778 ዓ.ም. ክሎዲን ቧሾን የምትባል ሴት አግብቶ በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለዱ። ይሁን እንጂ ዣካር ንብረት መያዝ አልሆነለትም፤ ዕዳ ውስጥ ገብቶ የወረሰውን አጣ። ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ እየሠራ ኑሮውን ለመግፋት ተገደደ።

ቀጥሎ የፈረንሳይ አብዮት መጣ። በ1793 ዓ.ም. ሊዮን በአብዮቱ መንግሥት ጦር በተከበበች ጊዜ ዣካርና ልጁ ከተማዋን ከሚከላከሉት ጋር ተሰለፉ። ከተማዋ ስትወድቅ አባትና ልጅ አብረው ሸሹ፤ ከዚያም ነፍሳቸውን ለማዳን በዚያው በአብዮቱ ጦር ውስጥ ገብተው ዘመቱ። ልጁ በጦርነቱ ሞተ። ዣካር ወደ ሊዮን የተመለሰው ልጁን ቀብሮ፣ ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ ነው። ስሙን ያስጠራው ሥራ ሁሉ የተሠራው ከዚህ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ተራ ሸማ ሲሠራ ሸማኔው በእግሩ እየረገጠ የድሩን ግማሽ ወደ ላይ፣ ግማሹን ወደ ታች ያደርጋል፤ በመካከሉ መወርወሪያውን ያሳልፋል። ጥበብ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይከብዳል። የትኛው ክር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር አንድ በአንድ መምረጥ ያስፈልጋልና። የሊዮን የሐር ጨርቅ አበባና ቅጠል፣ ወፍና ሐረግ የሚሣልበት ስለነበር፣ በመቶ የሚቆጠሩ ክሮችን በእያንዳንዱ ውርወራ መምረጥ ግድ ይል ነበር። ይህን ለማድረግ ከሸማኔው ሌላ አንድ ረዳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲስብ ይውላል። ሥራው አድካሚና አዝጋሚ ነበር፤ አንዲት ስሕተትም በውዱ ጨርቅ ላይ ትታያለች።

ይህን ችግር ለመፍታት ከዣካር በፊት የሞከሩ ነበሩ። እዚያው ሊዮን ባዚል ቡሾን በ1725 ዓ.ም. የተበሳ የወረቀት ጥቅል ተጠቀመ፤ ዣን ባፕቲስት ፋልኮን ደግሞ በ1728 ዓ.ም. ጥቅሉን በተያያዙ ካርቶኖች ተካው። ከእነርሱ በኋላ ዣክ ደ ቮካንሶን የተባለ መሐንዲስ በራሱ የሚሠራ የሽመና መኪና ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ዣካር ወደ ፓሪስ ተጠርቶ በሄደ ጊዜ ይህን መኪና በዕቃ ማከማቻ ውስጥ አገኘው። የቀደሙትን አሳብ ሁሉ አገናኝቶ በ1804 ዓ.ም. ገደማ የራሱን መኪና አቀረበ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የማግ ውርወራ አንድ የተበሳሳ ካርቶን ይዘጋጃል። ካርቶኑ በብዙ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ላይ ይጫናል። ቀዳዳ ባለበት ቦታ ዘንጉ ያልፋል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ቆልማማ ሽቦም ክሩን ይዞ ይነሣል። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ካርቶኑ ዘንጉን ይገፋዋል፤ ሽቦው ሳይነሣ ይቀራል፤ ክሩም ከታች ይቆያል። ካርቶኖቹ እርስ በርሳቸው በክር ስለተሰፉ ተራቸውን ጠብቀው አንድ በአንድ ይመጣሉ። ጥበቡን መለወጥ የፈለገ ሸማኔ መኪናውን አይፈታም፤ ካርቶኖቹን ብቻ ይለውጣል። የዣካር ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ መኪናው አንድ ሲሆን፣ ትእዛዙ ግን ከውጭ የሚሰጥና የሚለዋወጥ ሆነ።

የፈረንሳይ መንግሥት መኪናው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ወስኖ ለዣካር በዓመት 3,000 ፍራንክ ጡረታ ቆረጠለት። የሊዮን ሸማኔዎች ግን ደስ አላላቸውም። የለመዱት እንጀራ ከእጃቸው እንዳይወጣ ፈርተው ክፉኛ ተቃወሙት፤ መኪናው በአደባባይ እንደተሰባበረም ይነገራል። ፍርሃታቸው እንዲያው የመጣ አልነበረም፤ ገመድ ሳቢዎቹ በእርግጥ ሥራቸውን አጥተዋል። በአንጻሩ ንድፍ የሚያወጡና ካርቶን የሚበሱ አዳዲስ ሙያተኞች ተፈጠሩ። በ1812 ዓ.ም. በፈረንሳይ ወደ 11,000 የሚሆኑ የዣካር መኪናዎች ይሠሩ ነበር። የሸማኔው ኑሮ ግን በዚህ ብቻ አልተቃናም፤ በ1831 እና በ1834 ዓ.ም. የሊዮን ሸማኔዎች በክፍያቸው ማነስ ምክንያት ታላቅ ዐመፅ አስነሥተዋል።

ዣካር በ1834 ዓ.ም. በሊዮን አቅራቢያ ኡላን በምትባል ቦታ ዐረፈ። በ1840 ዓ.ም. በሊዮን ሐውልት ቆመለት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ምስሉ በራሱ መኪና በሐር ተሸምኖ ነበር፤ ለዚያ ምስል ብቻ ወደ 24,000 የሚጠጉ ካርቶኖች አስፈልገዋል።

ከእነዚህ የሐር ምስሎች አንዱን በእጁ ካስገቡት ሰዎች መካከል ቻርልስ ባቤጅ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ይገኝ ነበር። ባቤጅ ሊሠራው ላቀደው የስሌት መኪና ትእዛዙን በተበሳ ካርቶን ለመስጠት አሰበ። መኪናው ተሠርቶ ባያልቅም አሳቡ አልሞተም። በ1890 ዓ.ም. ኸርማን ሆለሪዝ የአሜሪካንን የሕዝብ ቆጠራ በተበሳ ካርድ ሠራ፤ ኋላ የመጡት ኮምፒዩተሮችም ለብዙ ዓመታት ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት በካርድ ነበር።

ዛሬስ? ካርዱ ቢቀርም ዘዴው አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ሲ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ፈጠረ። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሲነሣ ሁለት ነገር ይሰጠዋል፦ ስንት ቃል እንደተጻፈለትና የቃላቱ ዝርዝር። የመጀመሪያው ቃል እንደ ልማዱ የፕሮግራሙ ስም ነው። ከዚያ በኋላ አጭር ሰረዝ ከፊቱ ያለው ፊደል ሲመጣ ምርጫ ማለት ነው። ለምሳሌ የፋይሎችን ስም የሚዘረዝር ፕሮግራም በሰረዝ አንዲት ፊደል ቢጨመርለት ዝርዝሩን አስፍቶ ያሳያል። ብዙ የሲ ቤተ መጻሕፍት ጌትኦፕት የተባለ ረዳት አላቸው፤ እርሱ ምርጫዎቹን ተራ በተራ ያነባል፤ የትኛው ፊደል ተጨማሪ ቃል እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ያልታወቀ ፊደል ሲያገኝ ስሕተት መኖሩን ያመለክታል፤ ሲጨርስም መጨረሱን ያስታውቃል።

ልዩነቱን ግን አንርሳ። የዣካር መኪና አያሰላም፤ ካርቶኑ በስሕተት ቢበሳም ዝም ብሎ ይሸምነዋል። ዝምድናው በሌላ በኩል ነው፦ በሁለቱም ዘንድ መኪናው ሳይነካ ምርጫው ከውጭ ይሰጣል፤ ትእዛዙም አንድ በአንድ በተራው ይነበባል።

እንግዲህ፣ ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ የኮምፒዩተር የቤት ሥራ ይዞ ሲቀመጥ እኔ አላውቅም ብላችሁ አትራቁ። ትእዛዙን በየተራው እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ እናንተም ድር እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ለጥበቡ ክር እንዴት እንደሚመረጥ አስረዱት። በዕብራይስጥ የጎደለውን በአማርኛ ሞልታችሁ፣ እናንተ ከእርሱ፣ እርሱም ከእናንተ ትማራላችሁ።