ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር ያገኘው ቪክቶር ሄስ

ቪክቶር ሄስ በ1875 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር ከአንድ የደን ሹም ቤተ ሰብ ተወለደ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት በየስፍራው የሚለኩት ጨረር ከመሬት ድንጋይ የሚወጣ ይመስላቸው ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጨረሩ መቀነስ አለበትና፥ ሄስ ነገሩን ራሱ ወጥቶ ሊመረምር ተነሣ።

በ1904 ዓ.ም. ሰባት ጊዜ በባሎን ወጣ። በሚያዝያ የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ቀን ሲለካ ጨረሩ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ዋናው ምንጭ ፀሐይ እንዳልሆነች ተረዳ። ነሐሴ 1 ቀን፥ በእኛ ዘንድ የፍልሰታ ጾም በሚገባበት ዕለት፥ ሃይድሮጅን የተሞላው ባሎን እርሱንና ሁለት ጓደኞቹን 5,350 ሜትር አደረሳቸው። ይህ ከራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል፤ አየሩ ስስ፥ ጋዙም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነውና የድፍረት ሥራ ነበር። በዚያ ከፍታ ጨረሩ በምድር ካለው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚመጣው ከጠፈር ነው ማለት ነው።

ስለዚህም በ1929 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ከካርል አንደርሰን ጋር ተካፈለ። ነገር ግን በ1930 ዓ.ም. ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ ከሥራው ተባረረ፤ ሚስቱም የአይሁድ ወገን ነበረችና ይዟት ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በኒው ዮርክ በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ1957 ዓ.ም. ሞተ።

ያ ጨረር ዛሬ ለድንጋይ ዕድሜ መቁጠሪያ ሆኗል። ከአየር ጋር ሲጋጭ የሚወጡት ኒውትሮኖች በድንጋይ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ፖታሲየም መትተው ክሎሪን 36 የሚባል ብርቅ አቶም ያበጃሉ፤ ቋጥኙም ለሰማይ ከተጋለጠ ጀምሮ ይህ አቶም ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። በባሌ ተራሮች የበረዶ ግግር ጎትቶ የተዋቸው ቋጥኞች በዚህ ዘዴ ተመርምረው፥ በረዶው እጅግ የተስፋፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት እንደ ሆነ ታወቀ፤ ጥናቱም በ2013 ዓ.ም. ታተመ። የእኛም የጮቄ ድንጋይ እንደ ባሌው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።